መብራት የለም ያልኋት ሴት

ገንዳ ውሃ ላይ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት፣ ስልክ የምጠግንባትና ፎቶ የማትምባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ኮምፒውተር የተማርሁት ጎንደር ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ድንበር ተሻግሬ በሰው እርሻ ላይ ስሠራ ዓረብኛ ለቃቅሜያለሁ። ስለዚህ ከወዲያ ማዶ ጦርነቱን ሸሽተው የሚመጡት ሱዳኖች ስልካቸው ሲበላሽ ሰው ወደ እኔ ይጠቁማቸዋል። “ባሽመሃንዲስ” ይሉኛል፤ “ኢንጂነር” ማለታቸው ነው። ኢንጂነር አይደለሁም። ግን አንድም ቀን አላረምኋቸውም፤ ደስ ይለኝ ነበር።

ሌላም ደስ የሚለኝ ነገር ነበር፤ ደንበኛ መቆጣት። አንዱ ስልኩን ወይ ላፕቶፑን ይዞ “ተንቀራፈፈብኝ” ብሎ ሲመጣ ከፍቼ አያለሁ። ሞልቶ ጢም ብሎ ካገኘሁት ሱቅ ውስጥ ያለው ሁሉ እየሰማ፣ “መተንፈሻ እንኳ አልተውህለትም እኮ! ታዲያ ምን ያድርግ?” እላለሁ። አንድ የሰሊጥ እርሻ ያላቸውን አባት እንኳ “እርስዎ” እያልሁ፣ በአክብሮት፣ ግን ያንኑ ቁጣ ተቆጥቻቸው አንገታቸውን ደፍተው ወጥተዋል።

የራሴ ኮምፒውተር ዲስክ ግን ከማንም የባሰ ነበር። በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ከጎጃምም ከወሎም የሚመጣው የቀን ሠራተኛ ኔትወርክ ወደሌለበት እርሻ ከመውረዱ በፊት ስልኩ ላይ ፊልምና ኳስ ያስጭናል። እኔም ፊልም በፊልም ላይ፣ ግጥሚያ በግጥሚያ ላይ ስቆልል ከረምሁ። ጠዋት ጠዋት ስከፍተው “ዲስኩ ሊሞላ ነው” የሚል ማስጠንቀቂያ ብቅ ይላል። አነበዋለሁ፤ እዘጋዋለሁ።

ሴትዮዋ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። የታላቅ እህቴ እኩያ ትመስላለች። ከወዲያ ማዶ መምህር ነበረች፤ ወደ ጎንደር ልታልፍ አውቶቡስ የምትጠብቅ ነበረች። ስልኳ ይበራና ወዲያው ይጠፋል። አየሁትና፣ “ውስጡ ያለውን በሙሉ ወደ እኔ ኮምፒውተር እገለብጥና ስልኩን ባዶ አድርጌ እንደ አዲስ እጭነዋለሁ። ከዚያ መልሼ አስገባልሻለሁ” አልኋት።

“ምንም አይቀርም?” አለችኝ።

“ምንም።”

“የእናቴ ነገር ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። እሷ ከቤቴ አልወጣም ብላ ቀርታለች። ስልኳ መሥራት ካቆመ ቆይቷል።”

“አታስቢ፣ እህቴ” አልኋት። ነገ እንድትመጣ፣ በፍላሽም ጭምር እንደምሰጣት ነግሬ ሸኘኋት። መገልበጡ ሊያልቅ ሲል ስክሪኑ ላይ የሆነ ነገር ብቅ አለ። አንድ ደንበኛ እያዋራኝ ነበርና ሳላነብ “እለፈው” የሚለውን ተጫንሁ። ቀጠለና አለቀ። ስልኩን ባዶ አደረግሁት፤ እንደ አዲስ ጫንሁት፤ ጥሩ ሆኖ ተነሣ። ዕቃዋን ጠዋት እመልሰዋለሁ ብዬ ሱቁን ዘጋሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ሱቁ ጭር ብሎ ነበር። የኮምፒውተሬ ሲስተም አርጅቶ አዳዲስ ስልኮች ሲሰኩበት አላውቅም ማለት ጀምሯል። አዲሱ እንደወጣ ካወቅሁ ቆይቻለሁ። ደግሞ መብራትም ኔትወርክም አንድ ላይ የሚገኙበት ጠዋት እዚህ ብዙ አይደለም። ተነሥቼ አፕግሬዱን ጀመርሁት። ስንት ቦታ እንደቀረኝ አላየሁም። ለሌላ ሰው ስሠራ ከሁሉ በፊት የማየው እሱን ነው።

ሲነሣ ጊዜያዊ ፋይሎችን ስለሚጠርግ የተገኘችው ጥቂት ቦታ ለማውረዱ በቃችው፤ መዘርጋት ጀመረ። አሮጌውን እያነሣ አዲሱን በመተካት ላይ እያለ ቆመ። “ዲስኩ ላይ ቦታ የለም” ይላል። ያኔ እንኳ እጄን ሰብስቤ ባስብ ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ደንግጬ አጥፍቼ አበራሁት። ከዚያ በኋላ የመጣው ጥቁር ስክሪን ነው፤ ጥጉ ላይ አንዲት ነጭ ሰረዝ ትበራለች፣ ትጠፋለች። ግማሹ አሮጌ፣ ግማሹ አዲስ ሆኖ ከሁለቱ አንዱንም መሆን አቅቶታል።

እሱን እያየሁ እያለ ሴትዮዋ ገባች።

“ባሽመሃንዲስ፣ ደረሰልኝ?”

“መብራት የለም” አልኋት።

ቀና አለች። ከራሷ በላይ ማራገቢያው እየዞረ ነበር። ያ ሙቀት ሳለ እንዳይዞር ማድረግ የሚቻል አይደለም። ነፋሱ የነጠላዋን ጫፍ ያነሣና ይጥላል። ማራገቢያውን አየች፣ እኔን አየች። ሰላምታ ሰጥታኝ ወጣች።

አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ ጎንደር ውስጥ መሥሪያ ቤት ነው የሚሠራው። ደወልሁለት። ኮምፒውተሬ አፕግሬድ ላይ እያለ እንደቆመ ነገርሁት። የመጀመሪያ ጥያቄው ያው የሚጠየቀው ነበር።

“ዲስኩ ላይ ቦታ አለ?”

“ቦታማ ሞልቶ!” አልሁት።

አመነኝ። እንዲያ አምኖኝ የተሳሳተ መንገድ ተያያዝነው። ይህን ጻፍ ይለኛል፣ እጽፋለሁ፣ አይሆንም። ያንን ሞክር ይለኛል፣ እሞክራለሁ፣ አይሆንም። “እንግዲህ ሃርድ ዲስኩ ራሱ ተበላሽቶ ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም” አለ። ሥራውን ጥሎ እኔን ሲረዳ፣ አለቃው ሲጠራው “አንዴ፣ አንዴ” ሲል በስልኩ እሰማዋለሁ። እውነቱን ለመናገር አፌን ከፍቼ መልሼ እዘጋለሁ። ኮሌጅ እያለን ጎበዙ እኔ ነበርሁ፤ እሱን የማስጠናው እኔ።

ከሰዓት በኋላ ሴትዮዋ ተመልሳ መጣች። ከጓደኛዬ ጋር የማወራበትን ስልክ ዘግቼ ሌላ ውሸት እያዘጋጀሁ ነበር፤ “ኔትወርክ የለም” ልላት። እሷ ግን አልጠየቀችኝም። ከጆሮዋ ጉትቻዎቿን ፈታ ጠረጴዛው ላይ፣ በተፈታቱት ስልኮች መሃል፣ አስቀመጠቻቸው።

“ምንድን ነው ይኼ?” አልኋት።

“በመንገድ ሁሉ እንዲህ ነው ያጋጠመን” አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። “አንዱ መኪና የለም ይላል፣ አንዱ አለቃዬ የለም ይላል። መጨረሻ ላይ የሚፈልጉትን ይናገራሉ። አንተ ጨዋ ሰው ስለሆንህ ለመናገር አፍረህ ነው። ያለኝ ይኼ ነው። የእናቴን ፎቶዎች ስጠኝ።”

እኔ የፈራሁት ሰነፍ እንዳትለኝ ነበር። እሷ ያሰበችው ግን ገንዘብ ልቀበላት ዕቃዋን ይዤ የማስጨንቃት ሰው እንደሆንሁ ነው፤ ለዚያም ደግሞ በአክብሮት ሰበብ ፈልጋልኛለች። ፊቴ ሲቃጠል ይታወቀኛል። ጉትቻዎቹን በእጄ ለመንካት እንኳ ደፍሬ አላነሣኋቸውም። ስክሪኑን ወደ እሷ አዞርሁት።

“መብራት አለ” አልኋት። “የዋሸሁሽ እኔ ነኝ። ኮምፒውተሩን በእጄ አበላሸሁት። ዲስኩ ሞልቶ ሳለ ሳላይ ሲስተም ልቀይር ጀመርሁ፣ መሃል ላይ ቀረ። ዕቃሽ እዚህ ውስጥ ነው። ይውጣ አይውጣ አላውቅም።”

ጥቁሩን ስክሪን ብዙ አየችው። ከዚያ ጉትቻዎቿን አንሥታ መልሳ አደረገች። ወንበሩን ሳበችና ተቀመጠች።

“ሥራ እንግዲህ” አለች። “እዚህ ሆኜ አያለሁ።”

እሷ እያየችኝ ጓደኛዬ ዘንድ መልሼ ደወልሁ። “ቦታ አለው ያልሁህ ውሸቴን ነው። አንድም ቦታ የለውም” አልሁት።

“አንተ?” አለ። “አንተ ነህ እንዲህ ያደረግኸው?” አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። “በል ሲስተሙን ተወው። መጀመሪያ የሰው ዕቃ ይውጣ። ከፍላሽ አስነሣው።”

ከፍላሽ ላይ የሚነሣ ጊዜያዊ ሲስተም መሳቢያዬ ውስጥ ነበረኝ፤ ለደንበኞች የማደርገውም እሱን ነው። በእሱ አስነሥቼ ወደ ዲስኩ ገባሁ። ሁሉም እንዳለ ተቀምጧል፤ የተበላሸው ሲስተሙ እንጂ የሰው ፋይል አልተነካም። የእሷን ከፈትሁት። የመጀመሪያው ፎቶ ላይ አንዲት አሮጊት ግቢ ውስጥ የገመድ አልጋ ላይ ተቀምጠው ካሜራውን በቁጣ ያያሉ። ሴትዮዋ እጇን አፏ ላይ አደረገች። “ፎቶ አትወድም” አለች። “ሁልጊዜ እንዲህ ናት።” ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እያሳየኋት ወደ ፍላሿ ገለበጥሁላት።

“ድምፆቹስ?” አለችኝ። “እናቴ መጻፍ አትችልም። በድምፅ ነው የምትልክልኝ።”

የድምፅ መልእክቶቹን አወጣሁ። የመጀመሪያዎቹ ይሰማሉ። ከታች ያሉት፣ በመጨረሻ የተላኩት፣ ስማቸው አለ፤ ስጫናቸው ዝም። መጠናቸውን ሳይ ባዶ ናቸው። ያኔ ነው የገባኝ። ከስልኳ ስገለብጥ ዲስኩ ሞልቶ ኖሯል፤ ሳላነብ “እለፈው” ያልሁት እሱን ነው። ስልኩን ደግሞ ከዚያ በኋላ በገዛ እጄ ባዶ አድርጌዋለሁ።

“አፕግሬዱ ነው የበላቸው” ማለት እችል ነበር። እሷ በምን ታውቃለች? ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ይህን ስጽፍ እንኳ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው፤ በዚያ ሁሉ መሃል አሁንም ላመልጥ መፈለጌ። ግን ከጎኔ ተቀምጣለች፤ ጉትቻዎቿ ጆሮዋ ላይ ናቸው። እንደሆነው ነገርኋት፤ ሳላነብ እንዳለፍሁት፣ ስልኩንም ሳላረጋግጥ ባዶ እንዳደረግሁት።

“መመለሻ የለውም?”

“የለውም።”

አልተቆጣችም። እኔ ደንበኛ ስቆጣ የምጮኸውን ያህል ብትጮህብኝ እወድድ ነበር። “ማሽንህን አስነሣው” አለችኝ ብቻ። የምትሄድ መስሎኝ ነበር፤ አልሄደችም።

ፊልሞቹንና ኳሶቹን ማጥፋት ጀመርሁ። ብዛታቸውን ስታይ፣ “ይኼን ሁሉ መቼ ልታየው ነው?” አለች። ሁሉንም አጠፋሁና ቦታውን ሳይ አሁንም ሙሉ ነው። ጓደኛዬ በስልክ፣ “ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ገብተው ይሆናላ! እሱንም ባዶ አድርገው” አለኝ፤ እኔ ለሰው በምናገርበት ድምፅ። ባዶ አደረግሁት። ሲስተሙ ካቆመበት እንዲቀጥል አዘዝሁት። ጽሑፉ በስክሪኑ ላይ እየተንከባለለ መውጣት ጀመረ።

እሱ ሲሠራ እሷ ማውራት ጀመረች። የጠፉትን መልእክቶች በልቧ ታውቃቸዋለች። አንዱ ስለ ጎረቤት ፍየል ነው፤ ፍየሏ ገብታ የእናትየውን ናና እስከ ሥሩ በልታባት፣ እናትየው ፍየሏንም ባለቤቷንም ትራገማለች። በእናቷ ድምፅ፣ በእናቷ አነጋገር አደረገችው። ዓረብኛው ፈጥኖብኝ ግማሹን ብቻ ነው የሰማሁት። እየተናገረች ሳቀች። አብሬ ልሳቅ ይፈቀድልኝ አይፈቀድልኝ አላወቅሁም፤ ስክሪኑን አየሁ። ሌላው ላይ እናትየው ምንም አትልም አለችኝ፤ መቅጃውን ተሳስታ ተጭናው፣ ግቢ ውስጥ ስትሄድ የጫማዋ ድምፅ ብቻ ነው። “እሱን ነበር ብዙ ጊዜ የምሰማው” አለች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ በራና አዲሱ ሲስተም ተነሣ። ንጹሕ፣ ባለ ብዙ ቦታ። እሷ ከወንበሯ ተነሥታ፣ “መብሩክ” አለችኝ። እንኳን ደስ አለህ ማለቷ ነው፤ ከልቧ። ስልኳንና ፍላሿን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወጣች።

እሷ የምትሳፈርበት የጎንደሩ አውቶቡስ የሚነሣው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ተሳፋሪው የሚሰለፈውም ሱቄ በር ላይ ነው። ሌላ ጊዜ ቀድሜ እከፍታለሁ፤ መንገደኛ ስልኩን የሚያስሞላው ያኔ ነው። በማግሥቱ ግን ቤቴ ተቀምጬ፣ አውቶቡሱ ጡሩምባውን ነፍቶ ወደ ደጋው መንገድ መውጣቱን ሰምቼ ነው የሄድሁት።