የሳህሊቱ ሙቀጫና የእትዬ ዘውድነሽ ግድግዳ

ሳህሊቱ በርበሬ መውቀጥ ስትጀምር ሰፈሩ በሙሉ ያስነጥሳል። እኔ ከእሷ ክፍል ቀጥሎ ባለው ክፍል ልብስ ስሰፋ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በማስነጠስ የተነሳ ስንት ሱሪ ተጣሞ እንደተሰፋ የምናውቀው እኔና ደንበኞቼ ብቻ ነን። ቢሆንም ከዚያች ሴት ጋር ጎረቤት በመሆኔ አንድም ቀን ተጸጽቼ አላውቅም። ተቆጥቼስ አውቃለሁ፤ እሱ ግን አመሌ ነው።

ባሏ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ሚኤሶ ላይ ወባ ገደለው። ከዚያ ቆላ ወደ አሰበ ተፈሪ ስትወጣ ንብረቴ የምትለው አንድ የወይራ ሙቀጫና ዘነዘናው ነበር። ከእትዬ ዘውድነሽ ላይ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ክፍል ተከራየችና በርበሬ እየወቀጠች መሸጥ ጀመረች። የጭነት መኪና ሾፌሮች ፍሬን ይዘው "የሳህሊቱን ስጡን" እስከማለት ደረሱ። ወፍጮ ቤት የተፈጨውን ማን ይፈልጋል?

እትዬ ዘውድነሽ ኩሩ ሴት ነበሩ። እሳቸውን አንቺ ብሎ የሚጠራ ሰው አልተፈጠረም። በተርታ ያሠሯቸው የኪራይ ክፍሎች ዋና ኩራታቸው ነበሩ። እኛ አገር ማሽላና በቆሎ እንጂ ጤፍ እንደ ልብ አይዘራም፤ ስለዚህ የቤት ጭቃ የሚቦካበት የጤፍ ጭድ ውድ ነው። እሳቸው ግን መጣ ሄደ በተባለ ቁጥር ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ "የእኔ ቤት በንጹሕ ጭድ የተመረገ ነው" ይሉ ነበር። እኛም እናምናለን፤ ምን እናድርግ?

ታዲያ ያ በጭድ የተመረገ ግድግዳ በአንዱ ክረምት በሳህሊቱ በኩል ከሥሩ ተሸራረፈ። እትዬ ዘውድነሽ መጡና አንዴ ግድግዳውን፣ አንዴ ሙቀጫውን አዩ።

"በዚህ ነገርሽ ቤቴን ሰበርሽው" አሏት።

ሳህሊቱ ልትሟገት አልፈለገችም። "እትዬ፣ እኔው አድሰዋለሁ። ወጪው ከኪራይ ይታሰብልኝ" አለች።

"ኪራይ ኪራይ ነው! የሰበርሽውን በራስሽ ትሠሪያለሽ፣ ኪራዬንም ትከፍያለሽ።"

ሳህሊቱ ግድግዳውን አደሰችና የወጪዋን ያህል ኪራዩን ሳትከፍል ያዘች። እትዬ ዘውድነሽ ደግሞ አናጢ ይዘው መጥተው በሯን አስነቀሉባት። የዚያን ጊዜ ባለቤት ተከራይ ሲያስቸግረው የሚያደርገው ይህንን ነበር፤ ከሳሽም ዳኛም መዶሻ ነው። ዝናቡ እየወረደ ሙቀጫዋን ደጃፉ ላይ ገትራ፣ እላዩ ላይ ጆንያ አንጠልጥላ ስትቀመጥ ባየኋት ጊዜ በንዴት መርፌ ሰብሬአለሁ። በመጨረሻ ሽማግሌ ገባና ሁሉንም ከፈለች፤ በሩም ተመለሰ። ሁለቱም ታርቀናል አሉ። ሰላምታቸው ግን ከአንገት በላይ ነበር።

ከዚያ ስድሳ ሰባት መጣ። ሐምሌ ላይ ትርፍ ቤት ተወረሰ፤ እትዬ ዘውድነሽ ማዶ ያለችው መኖሪያቸው ብቻ ቀረችላቸው፤ የእኛ ክፍሎች የቀበሌ ሆኑ። ቀጥሎ ስብሰባ ተጠራና ተከራይ የነበረ ሁሉ በአከራዩ ላይ ያለውን ይናገር ተባለ። አቤት የተወራው! የሆነውም ያልሆነውም ተወራ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ የተባለ ነገር ሰውን የት እንደሚያደርስ ሁላችንም እናውቃለን። እትዬ ዘውድነሽ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ተከናንበው ከፊት ተቀምጠዋል። ሳህሊቱ ተጠራች።

"በሬን ነቅለውብኝ ነበር" አለች። "ከፈልኩ፣ መለሱልኝ። ታርቀናል። ሌላ የምለው የለኝም።"

ቁጭ አለች። እኔ ደሜ ፈላ። እንደወጣን "ምነው ዝም አልሽ? ያን ሁሉ ግፍ ውጠሽ!" ብዬ ጮህኩባት።

"እሳቸው በሬን ነቀሉ" አለችኝ። "እኔ ነፍሳቸውን ልንቀል?"

እሷ ትክክል ስትሆን ደግሞ እኔ የበለጠ እናደዳለሁ።

ቀበሌ አከራያችን በሆነ ጊዜ ኪራዩ ወረደና ተደሰትን። ግድግዳው ግን አብዮት መጣ ብሎ አልጠነከረም። የሰባ አራቱ ክረምት ከበድ ያለ ነበር፤ አንድ ማለዳ የሳህሊቱ የመንገድ ዳር ግድግዳ ከነማገሩ ተዘረገፈ። የቀበሌውን ቤቶች የሚያስተዳድረው ጓድ ነጋሽ መጥቶ አየና እጁን ኪሱ ከትቶ፣ እኔ ባለሁበት፣ "ቀበሌው አሁን ሠራተኛም ጭድም የለውም። አንቺ ጠግኚው፤ ከኪራይ ይታሰባል" አለ።

የሳህሊቱን ፊት ባያችሁ! ያን ቃል ስንት ዓመት ሙሉ ስትጠብቀው ኖራለች። ጭዱን ከመሰላ አገር በጭነት መኪና አስመጣች። የሰፈሩ ሴቶች በጉዛ ወጡ፤ እዚህ ጎረቤት ለሥራ ሲጠራራ ጉዛ ይባላል፣ እምቢ የሚል የለም። ማዶ ጫት የምትሸጠውና ፍየል የምታረባው ዘይቱና ሳትቀር ቀሚሷን ሰብስባ ጭቃ ረገጠች። ግድግዳው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ሳህሊቱም የወጪዋ ልክ እስኪያልቅ ኪራይ መክፈል አቆመች።

የጓድ ነጋሽ እህት ባል ግን በዚያው ሰሞን ለሻይ ቤት የመንገድ ዳር ክፍል ፈለገ። ለሳህሊቱ መጥሪያ መጣላት፦ በሙቀጫ የቀበሌን ቤት አፍርሳለች፤ ኪራይም አልከፈለችም፤ ካሳውንም ኪራዩንም ከፍላ ክፍሉን ትልቀቅ።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ባል የላት፣ ወንድም የላት። ክፍሉን ካጣች መንገዱን ታጣለች፤ መንገዱን ካጣች ሾፌሮቹን ታጣለች፤ የሚቀራት ሙቀጫዋን ተሸክማ ወደዚያ ባሏን ወደቀበረችበት ሐሩር መውረድ ነው። መጥሪያውን ይዛ እኔ ዘንድ ስትመጣ አላለቀሰችም። "ከዚህ አልወጣም" ብቻ አለች።

የቀበሌው የፍርድ ሸንጎ እሁድ ጠዋት ተቀመጠ። ሰብሳቢው አብዱልቃዲር ናቸው፤ ጺማቸውን በሂና ያቀሉ፣ ከገበሬ ቤተሰብ የወጡ ነጋዴ ናቸው። አማርኛቸው እንግዳም አዛውንትም አይለይም፤ ሁሉም አንተና አንቺ ነው። ልባቸው ግን ሚዛን ያውቃል።

ጓድ ነጋሽ ተነሳ። "ከኪራይ ይታሰባል" ብሎ እንደሆነ ሲጠየቅ "ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አላልኩም!" አለ። እኔ ዘልዬ ተነሳሁና "ብለሃል! እኔው ፊት ብለሃል!" ብዬ ጮህኩ። "ይህ ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖር ተጠቃሚ ነው፤ ምስክርነቱ አያስኬድም" አለ ነጋሽ። ተቀመጥ ተባልኩ። ጠረጴዛ ደበደብኩ፤ እንደገና ተቀመጥ ተባልኩ።

አብዱልቃዲር ወደ ሳህሊቱ ዞሩ። "አንቺ፣ ሙቀጫሽ ይወቅጣል?"

"ይወቅጣል።"

"ግድግዳው ፈርሷል?"

"ፈርሷል።"

"ታዲያ ማን አፈረሰው?"

ምን ትበል? ግድግዳው ለምን እንደፈረሰ እሷም አታውቅ። ነጋሽ ፈገግ አለ፤ ያን ፈገግታውን ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

"እኔ ነኝ ያፈረስኩት" የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ።

እትዬ ዘውድነሽ ነበሩ። ማንም አልጠራቸውም። አርጅተዋል፣ ነጠላቸው ግን እንደ ድሮው ነጭ ነው። ሰው መንገድ ሲከፍትላቸው እስከ ፊት መጥተው ቆሙ።

"ይህን ቤት ሳሠራ ጭድ አልገዛሁም" አሉ። "ጭድ ተወደደብኝ። ሰው አሰማርቼ ከጫት ተራ ገረባ አስጠረግሁና በሱ አስቦካሁት። በጭድ ነው እያልኩ ለከተማው ሁሉ ዋሸሁ። ጭቃው እርጥበት ሲነካው ገረባው ይሸታል፤ ያን ጊዜ ፍየል ይበላዋል። ሙቀጫ አይደለም። ይህችን ልጅ አትንኳት።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ገረባ ማለት ቃሚ የጣለው የጫት ቅጠልና እንጨት ነው፤ ከተማችን ከሱ በላይ የሞላት ነገር የለም፤ የኛ ፍየሎችም በሱ ነው የሚሰቡት። የዚያ ሁሉ ኩራት መሠረት ገረባ! እትዬ ዘውድነሽ ግን እየተሳቀባቸው አንገታቸውን አልደፉም።

"ይህ የአድኃሪ ተንኮል ነው!" አለ ነጋሽ። "ቤቷ ስለተወረሰ የሕዝቡን ቤት ልታዋርድ ነው!"

አብዱልቃዲር እጃቸውን አነሱ። "አንተ ትዋሻለህ፣ እሷም ትዋሻለች ይሆናል። ፍየል ግን ዱጋ ነው የሚናገር፤ እውነት። ተነሱ፣ እንሂድ።"

ሸንጎው፣ ታዳሚው፣ ሁላችንም ወደ ሰፈራችን ተመምን። የሳህሊቱ ግድግዳ አሁን አዲስ ነው፤ የእትዬ ዘውድነሽ አሮጌው ጭቃ የቀረው በእኔ በኩል ብቻ ነው። "ውኃ አምጡ" አሉ አብዱልቃዲር፤ የእኔን ግድግዳ ከሥሩ በባልዲ አራሱት። ከዚያ ዘይቱና ፍየሎቿን ለቀቀች።

ፍየሎቹ መጀመሪያ ወደ ሳህሊቱ ግድግዳ ሄደው አሸተቱ። ጭዱ ምንም አልመሰላቸውም፤ የበርበሬው ሽታ ደግሞ አስነጠሳቸውና ዞር አሉ። ከዚያ አንድ ቀይ ወጠጤ ወደ እኔ በኩል መጣ። አሸተተ። ደገመና አሸተተ። አፉን ሰደደና ከግድግዳዬ ውስጥ አንድ የጫት እንጨት ከነጭቃው ጎትቶ አወጣ፤ ቆሞም አኘከው። ሌሎቹ ተከትለው ሰፈሩበት።

"ያ ረቢ! ዓመት ሙሉ ፍየሎቼ እዚህ ጥግ ምን ይሠራሉ እል ነበር!" ብላ ዘይቱና እልል አለች። ሴቶቹ ተቀበሏት። እኔ "ግድግዳዬን! ኧረ ግድግዳዬን!" እያልኩ በሜትሬ ፍየል አባርራለሁ፤ የሚሰማኝ የለም።

አብዱልቃዲር እዚያው መንገድ ላይ ቆመው ፈረዱ። "ነጋሽ፣ ቀበሌው ይህን ቤት ሲወርስ ቆርቆሮውን ብቻ ነው የወረሰው? ቤት የወረሰ ከነገረባው ወርሷል። የባለቤቱን ሥራ እሷ ሠርታለች፤ ከኪራይ ይታሰባል። ቤቷን ማንም አይነካባትም። ያንን ግድግዳ ደግሞ" አሉ ወደ እኔ እየጠቆሙ፣ "ቀበሌው በጭድ ያድሰዋል። ጭዱን አንተ ራስህ ታመጣለህ።"

ሳህሊቱን ትከሻቸው ላይ ሊያነሷት የሮጡ ሴቶች ነበሩ። እሷ ግን ሰውን ገፍታ ገፍታ ወደ እትዬ ዘውድነሽ ሄደች።

"እትዬ፣ ስለ እኔ ብለው ስምዎን አዋረዱ" አለቻቸው። እንባዋ ያኔ መጣ።

"ያን ቀን በስብሰባው ላይ ልታዋርጂኝ፣ ከዚያም የባሰ ልታደርጊኝ ስትችይ ቁጭ አልሽ" አሉ እትዬ ዘውድነሽ። "እኔ ደግሞ በርሽን ስነቅል ገረባውን አውቀው ነበር። አውቄ ነው የነቀልኩት።" ሳህሊቱ አቀፈቻቸው። እኔም ዓይኔን ጠረግሁ፤ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር በርበሬው ነው እል ነበር።

ጓድ ነጋሽ ጭዱን አመጣ፤ ጆንያ ተሸክሞ ሲመጣ ዘይቱና ከማዶ "በርታ ጓድ!" ስትለው የነበረው አይረሳኝም። የእህቱ ባል ሻይ ቤቱን ገበያው ጀርባ ከፈተ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አንድ አህያ ሙሉ ጆንያ የማረቆ በርበሬ ጭኖ ሳህሊቱ ደጅ ቆመ። ከኋላው እትዬ ዘውድነሽ በዘንጋቸው እየተደገፉ መጡ።

"ይወቀጥልኝ ነው፣ እትዬ?" አለቻቸው ሳህሊቱ።

"የራስሽ ነው። ወቅጠሽ ሽጪው" አሉ። "ያኔ ላደስሽልኝ ግድግዳ ነው። ከኪራይ ይታሰባል።"

ሳህሊቱ ሙቀጫዋን ደጃፉ ላይ፣ ያኔ በበሩ ፈንታ ገትራው የነበረበት ቦታ ላይ አቆመችና ዘነዘናዋን አነሳች። የዚያን ቀን ከመንገዱ ወዲህም ወዲያም ሰው ሁሉ አስነጠሰ፤ እትዬ ዘውድነሽ ከሁሉም በላይ አስነጠሱ፤ "ይማርዎ" ያላቸውም ሰው አልጠፋም። እኔ አንድ ሱሪ አጣምሜ ሰፋሁ። አልፈታሁትም።