የስመኝ ግማሽ ፊት

መምህር ገደፋው ጡረታ ከወጡ ወዲህ የቡሬን ገጠር ወግ ሲጽፉ ከርመው፣ በ1997 ዓ.ም. መጽሐፋቸው ተቋጨ። ፍኖተ ሰላም ወርደው በኮምፒውተር አስተየቡት፤ መቅድሙ፣ ምስጋናው፣ ማውጫው ሁሉ ቦታ ቦታውን ያዘ። ለባሕር ዳር ማተሚያ ቤት ለመላክ የቀረው የመታሰቢያው ገጽና ሽፋኑ ብቻ ነበር። ሽፋኑ ላይ ሟች ባለቤታቸው ስመኝ እንድትወጣ ፈለጉ። ሰውዬው ለገዛ ስማቸው እንኳ ይህን ያህል አልተጨነቁም።

ከስመኝ የቀረው ፎቶግራፍ አንድ ነው። ዓይን አፋር ነበረችና ፎቶ አንሺው ሲያነጣጥርባት ፊቷን ወደ ገብሱ ማሳ አዙራ፣ በአንድ ጎኗ ብቻ ወጥታለች። በሕልማቸውም የምትመጣው እንዲሁ ነው፤ በጭጋግ ውስጥ፣ በጎን፣ ሳትዞር።

ሥራውን የሰጡት ዕድሜ ልካቸውን የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሲሥሉ ለኖሩት ለመሪጌታ ባምላኩ ነው። መሪጌታ ፎቶውን አገላብጠው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«መምህር፣ እኛ ባንድ ዓይን የምንሥለው ሰይጣንንና ይሁዳን ነው። እመት ስመኝን ከነሱ ጋራ ላቁማቸው?»

ፊት ለፊት ሊሥሏት እንዲችሉ፣ ፎቶው የደበቀውን የፊቷን ወገን እንዲነግሯቸው ጠየቁ። ገደፋው ሊያስታውሱ ሞከሩ። ድምጿ አለ፣ አካሄዷ አለ፣ የነጠላዋ ሽታ አለ፤ ፊቷ ግን የለም። እሷ አጠገባቸው ስትኖር እሳቸው የተማሪ ደብተር ላይ አቀርቅረው ነበር። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። አፈሩ፤ እንደሚሆን ያድርጉት ብለው ወጡ።

ሥዕሉ አልቆ ሲመጣ ስመኝ ዞራለች፤ ዓይኖቿ ሰፋፊ፣ ፊቷ ብርሃን የሞላበት። ጎረቤት ሁሉ አማረች አለ፤ ገደፋውም ደስ አላቸው። በማግስቱ ቀትር ላይ ግቢያቸው ካለው ዋንዛ ሥር እንደተቀመጡ ሸለብ አደረጋቸው። ስመኝ ገብሱን እየገለጠች መጣች። ለመጀመሪያ ጊዜ ዞረች። ፊቷ መሪጌታ የሣሉት ፊት ነበር። ፈገግ ብላ አየቻቸው፤ እሳቸው ግን አላወቋትም።

ነቅተው እንደ ልጅ አለቀሱ። ሌላ ፊት ከየት ያመጣሉ? ሽፋኑ እንዳለ እንዲሄድ ተዉትና የቀረውን ገጽ ሊያስጽፉ ፍኖተ ሰላም ወረዱ። ጸሐፊዋ የሰማችውን ተጠራጥራ እንዲደግሙላት ጠየቀች።

«እንዳልሁሽ ጻፊው፣ ልጄ» አሏት።

በመታሰቢያው ገጽ ላይ ያለው ይኸው ብቻ ነው፦ «ፊቷን ለረሳሁባት ለስመኝ።»