የባሕር ፍጥረት

ከትውልድ ከተማዬ ከአርብ ገበያ የወጣሁት በገበያ ቀን ነው። ሰው ሁሉ ከነአህያው ሲገባ እኛ ስንወጣ ማንም ልብ አላለን። እናቴን «ጨው ገዝቼ እመለሳለሁ» ብያታለሁ። አብሮኝ የወጣው ሙሉቀን የእስቴ ልጅ ነው፤ ንፋስ መውጫ ስንማር አንድ ክፍል ተከራይተን አንድ ብርድ ልብስ የተጓተትን ነን። ሱዳንን፣ ሊቢያን አብረን አለፍን። ባሕር ላይ ጀልባችን ውኃ ስታስገባ ግን እኔን አወጡኝ፤ እሱን አላገኙትም። ስለዚያ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

አሁን ጣልያን ነኝ፣ ባሕር ጥግ ያለች ከተማ። የአገሬ የጉና ተራራ ብርድ ደረቅ ነው፤ ይነክስና ይለቃል። የዚህ እርጥብ ነው፤ ልብስ ውስጥ ገብቶ ዓሣ ዓሣ ይሸታል።

ቤት ያከራዩኝ ሲኞራ ባላቸው የሞቱባቸው ካቶሊክ አሮጊት ናቸው። ምድር ቤቱ ምግብ ቤታቸው ነው፤ እዚያ ዓሣ አጥባለሁ። ፖልፖ የሚሉት ደግሞ አለ፤ አጥንት የለው፣ ስምንት እግር፣ ሞቶ እንኳ እጅ ላይ የሚለጠፍ። ፊቴን አዙሬ ነው የማጥበው።

አንድ ዓርብ ሳህን ሙሉ ፖልፖ አቀረቡልኝ።

«ጾም ነው» አልኳቸው።

«እኛስ ዛሬ መች ሥጋ እንበላለን? ለዚህ እኮ ነው ዓሣ የሠራሁት!»

«ይሄ ዓሣ ነው? ቅርፊት የለው፣ አጥንት የለው። ፈጣሪ ሳይጨርሰው የጣለው ነው የሚመስለው።»

ተቆጡ። «እግዚአብሔር ሳይጨርስ የተወው ነገር የለም! ሁሉን ሠራ፣ አየው፣ እጅግም መልካም ነበረ። ምን ጎደለው? እስቲ እየው!» አንዱን እግር በሹካ አንሥተው ክብ ክብ መምጠጫዎቹን አሳዩኝ። «ከትልቁ እስከ ትንሹ ተሰልፈው! ማን ነው እንዲህ አድርጎ የሚሰፋ?» ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

አፌ አመለጠኝ። «ሲኞራ፣ ይሄ ምን በልቶ ነው የወፈረው? ጓደኛዬ እኮ እዚያ ባሕር ውስጥ ነው ያለው።»

ሹካቸውን አስቀመጡ። ሳህኑን አንሥተው ሄዱና ምስር ቀቅለው መጡ። ከዚያ ወዲያ ፖልፖውን ራሳቸው ያጥባሉ። ስብከታቸውን ግን አልተዉም፤ እኔም መጸየፌን አልተውኩም።

ባለፈው ሳምንት የሙሉቀን እናት ደወሉ። መርዶውን ከሰሙ ቆይተዋል።

«ልጄ፣ አላስቸግርህም። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። ልጄ ያለበት ቦታ ምን ይመስላል? ያምራል?»

ባሕሩን በመስኮት አየሁት። ፀሐይ አርፋበት፣ ሰማያዊ ሆኖ፣ ዓይን እስከሚደርስ ተዘርግቷል። መጋረጃውን ዘጋሁት።

«አዎ፣ እማማ» አልኳቸው። «ያምራል።»