የቆርቆሮው ቤት ሬዲዮ

ባለቤቴ ከደብረ ኤልያስ ወዲያ ጤና ኬላ ትሠራለች። ስልክ ከተቋረጠ ወዲህ የምንገናኘው በመገናኛ ሬዲዮ ነበር። ተኳርፈን በሄደች ሰሞን ግን ሬዲዮው ጭጭ አለብኝ። አንቴናውን ከቁም ሳጥኑ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ራስጌዬ ባዞረው መልስ የለም። ጉሙ ደጁን ሸፍኖት አገሩ ሁሉ የተኛ ይመስላል። ማንም አይሰማኝም ብዬ፣ በሕልም እንዳለ ሰው፣ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ያላንቺ ቤቱ በረደኝ» እያልኩ ሦስት ቀን አወራሁ።

ጎረቤቴ መሪጌታ ሞላ፣ «ልጄ፣ ሰሞኑን ቤትህን ያለበስከው ቆርቆሮ ድምፁን ከልክሎብህ እንዳይሆን፤ እስቲ ከኔ ሳር ቤት ሞክረው» አሉኝ። እዚያ ገብቼ አንቴናውን እንዳቆምኩ የባለቤቴ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ።

«ይሰማሻል?» አልኳት።

«እኔማ ሦስቱንም ቀን ስሰማህ ነበር፤ የኔ ሬዲዮ ጉልበት ስለሚያንሰው አንተ ጋ ያልደረሰው የኔ ድምፅ ነው» አለችኝ። ሳቋ እያመለጣት ቀጠለች፤ «በሽተኞቹም ሰምተውሃል። ታረቂው ብለው አላስቀምጥ አሉኝ!»