የባንያኑ ባለ አንድ ዓይን አምላክ

እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

በጣሊያን ጊዜ መቀሌ ሳለን፣ የመንገድ ዳሯን ክፍላችንን ለአንድ ባንያን፣ ከህንድ አገር ለመጣ ልብስ ሰፊ አከራይተን ነበር። ባሌ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነው። እኔ ከወሎ ተድሬ የመጣሁ፣ ምላሴ የማያርፍ ሴት ነኝ። ባንያኑ ምጽዋ ብዙ ስለኖረ ትግርኛውን ያቀላጥፈዋል፤ አማርኛውም ለእኔ ይበቃኝ ነበር። ሥጋ የሚባል ስለማይቀምስ “የእርስዎ ጾም መቼ ነው የሚፈታው?” እያልን እናሾፍበታለን። ያን ሥዕል እስኪሰቅል ድረስ ማንም ክፉ አላለውም።

ሥዕሉ የወረቀት ነው። አንድ ድንክ ጃንጥላ ይዞ ወደ ጎን ዞሯል፤ እግሩንም በተንበረከከ ንጉሥ ራስ ላይ አሳርፏል። ንጉሡ ግን ፊት ለፊት ያየናል። እንግዲህ በእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ነው የሚያይ። በጎን ተሥሎ አንድ ዓይን ብቻ የሚሰጠው ሰይጣን ነው፣ ይሁዳ ነው፣ የእነሱ ቢጤ ነው። ሱሪ ሊያሳጥር የገባ ጎረቤት ይህን አየና “ባንያኑ ለሰይጣን ይሰግዳል” ብሎ ሰፈሩን አዳረሰው።

ሽማግሌዎቹ ግቢያችንን ሞሉት። ወይ ሥዕሉ ይቃጠል፣ ወይ ሰውየው ክፍሉን ለቅቆ ይውጣ አሉ። ፍርዱንም ለባሌ ሰጡት፤ ሠዓሊው እሱ ነዋ።

ባሌ ሥዕሉን ቀረብ ብሎ አየና “በእኛ ሥርዐት ከሆነ፣ ይህ ክፉ ነው” አለ።

“ክፉ አይደለም፣ አምላክ ነው” አለ ባንያኑ። “ዓለም ስትበላሽ አምላካችን ሥጋ ለብሶ ይወርዳል። አንዴ ዓሣ ሆኖ መጣ፣ አንዴ ኤሊ፣ አንዴ ከርከሮ። በዚህኛው ድንክ ሆኖ ነው የመጣው። ንጉሡ ዓለሙን ሁሉ የያዘ ነበር፤ ቸር ነው፣ ግን ታብዮ ነበር። ድንኩ ሦስት እርምጃ መሬት ለመነው፤ ሰጠው። ያን ጊዜ ድንኩ አደገ። በአንዱ እርምጃ ምድርን ወሰደ፣ በሁለተኛው ሰማይን። ለሦስተኛው ቦታ ሲጠፋ፣ ንጉሡ ቃሌን አላጥፍም ብሎ ራሱን ዝቅ አደረገለት።”

ሰዎቹ ስለ ትዕቢት የሰሙ መሰላቸው። እኔ የሰማሁት ሌላ ነው። ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ሥር ከአማቴ የወረስነው መሬት ነበረን። መንገድ የሚያሠራ አንድ ጣሊያን ባርኔጣውን አውልቆ መጣና በርሜል የማስቀምጥበት ትንሽ ቦታ ስጡኝ አለ። ባሌ፣ ደጉ ሰውዬ፣ ሰጠው። በርሜሉ ድንኳን አመጣ፣ ድንኳኑ አጥር አመጣ፤ እኛም የራሳችንን ጤፍ የምንበላበት ዘመን አከተመ።

“ይሄ አምላክ አይደለም፣ ሌባ ነው!” ብዬ ጮህኩ።

“ጽቡቕ ብለሻል፣ ሓፍተይ!” አሉ ሽማግሌዎቹ፣ ደስ ብሏቸው፤ ደግ ብለሻል፣ እህቴ ማለታቸው ነው።

ባሌ ጠብ አይወድም። “ሁለተኛ ዓይን ልሣልለትና ነገሩ ይብቃ” አለ። ተስማሙ። ባንያኑም መውደቂያ ስለሌለው ራሱን ነቀነቀ። “ዓሣ ለመሆን ያላፈረ አምላክ በአንድ ዓይን አይቀየምም። ይሣሉለት።”

ይህ ትሕትናው ነው ይበልጥ ያናደደኝ። ባሌ ቀለም ነክሮ ሲቀርብ ብሩሹን ከእጁ ነጠቅሁት።

“መሬታችንን የወሰደው ሰውዬ ሁለት ዓይን አለው!” አልኳቸው። “ሁለቱንም አይታችኋል። አጥሩን ሲያጥር እንጨት ያቀበላችሁት እናንተው ናችሁ! አህያውን ፈርቶ ዳውላውን! ሂዱና መጀመሪያ የእሱን አንድ ዓይን አጥፉለት፣ ከዚያ መጥታችሁ ይህን ምስኪን ታስወጣላችሁ።”

“ዝም በዪ፣ ሓፍተይ፣ ጣሊያኖቹ ይሰማሉ!” አለኝ አንዱ። ሌላው ከዘራውን መፈለግ ጀመረ። አንድ በአንድ ወጡ፤ ባሌም ቀለሙን ይዞ ወደ ጓዳ ገባ።

ባንያኑ ስፌት መኪናው ላይ ተቀመጠ። “አምላኬን አተረፍሽልኝ፣ ሓፍተይ።”

“ተከራዬን ነው ያተረፍኩት። ከአምላክህ ጋር ገና አልታረቅሁም።”

“ታሪኩን ስላላስጨረሱኝ ነው” አለ፣ ክሩን በመርፌው እያስገባ። “ሁሉን ከወሰደ በኋላ አምላካችን በንጉሡ ደጅ ዘብ ቆመለት። እስከ ዛሬ ይጠብቀዋል።”

“የእኛም ሰውዬ መሬታችን ላይ ዘብ አቁሟል” አልኩት። “የሚጠብቀው እኔ እንዳልገባ ነው።”