የባርናባስ እሁድ

ጋሽ ታሪኩ ቡና ነጋዴ ነው። ከአሪቻ እሸት ቡና እየሰበሰበ ሲሸጥ ኖሮ፣ አንድ ቀን ዲላ አስፋልት ዳር ያለውን ባዶ ቤቱን ትክ ብሎ ሲያየው፣ ቡቲክ ከማድረግ ፋርማሲ ማድረግ እንደሚያዋጣ ተገለጠለት። ሰው ልብስ ሳይገዛ ይከርማል፤ ሳይታመም ግን አይከርምም። ጋሽ ታሪኩ ስለ መድኃኒት የሚያውቀው ነገር ቢኖር ካርቶን ውስጥ እንደሚገባ ብቻ ነው። ለቀረው ፋርማሲስት ይቀጠራላ!

የተቀጠረው ባርናባስ ነው። የቡሌ ልጅ ነው፤ ብርድ ያሳደገው፣ ቆጮ ያፈረጠመው፣ የዩኒቨርሲቲ ወንበር ደግሞ መልሶ ያጎበጠው። ትሑት ነው ይሉታል። ትሕትና እንኳ አይደለም፤ ሌላ ሰው ሲያስነጥስ እሱ ይቅርታ የሚጠይቅ ዓይነት ፍጡር ነው። ገና ሥራ የጀመረ ቀን ጋሽ ታሪኩ የሙያ ፈቃዱን ተቀብሎ ወርቃማ ፍሬም አስገባበትና በሩን ፊት ለፊት እንዲያይ አድርጎ ሰቀለው። ከዚያ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣

«ዶክተሬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ቤተሰብ ነን» አለው።

አሠሪ «ቤተሰብ ነን» ሲል የሰማ ሰው ጫማውን ሳያስር መሮጥ አለበት። ቤተሰብ የእረፍት ቀን የለውማ! ባርናባስ ግን ዓይኑ እንባ አቀረረ። ቤተሰብ ሆነ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ቤተሰብ ሆነ፤ ቅዳሜ የገበያ ቀን ስለሆነ የበለጠ ቤተሰብ ሆነ፤ እሁድ ሌላው ፋርማሲ ስለሚዘጋ ጭራሽ የበኩር ልጅ ሆነ።

«በሳምንት አንድ ቀን ታርፋለህ» ተብሎ ነበር። ቀኑ ግን ስም አልወጣለትም።

«መቼ ነው ጋሼ?» ሲል ይጠይቃል ባርናባስ፣ ጋውኑን እየቆለፈ።

«ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ነዋ፣ ልጄ።»

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ሥራው ቀዝቀዝ ያለው አንድ ማክሰኞ ከሰዓት መብራት ሲጠፋ ነበር፤ ያን ቀንም ጋሽ ታሪኩ ዕቃ አስቆጠረው።

እሁድ እሁድ ታዲያ ጋሽ ታሪኩ ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ከመድረኩ ፊት፣ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ፣ የታወቀ ወንበር አለው። ስለ ሰንበት ዕረፍት ሲዘመር ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ያነሣል፤ እንዴት ያለ ዕረፍት የሚወድ ሰው መሰላችሁ! ባርናባስ በዚያው ሰዓት ባንኮኒው ጀርባ ቆሞ፣ ከአምልኮ የቀሩትን የዲላ ኃጢአተኞች ያስተናግዳል። አንዱ ሁለት ፍሬ አሞክሳሲሊን ይላል፤ ያለ ማዘዣ አይሆንም ሲሉት ይቆጣል። አንዱ ሰው እስኪወጣ የጥርስ ሳሙና ሲያገላብጥ ይቆይና ጠጋ ብሎ «ያቺን የወንድ ነገር» ብሎ ያንሾካሹካል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ፈተና ደርሶበት እንቅልፍ የሚያባርር ይፈልጋል፤ ጓደኛው ደግሞ የሚያመጣ። ባርናባስም «ያለ እኔ ይህ ቤት አንድ ቀን አያድርም» እያለ ራሱን ያጽናናል። የተቀማውን ቀን በኩራት ለወጠው። እንዲህ ያለውን ሰው ለመበዝበዝ ጥበብ አያስፈልግም፤ «ዶክተሬ» ማለት ይበቃል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሮሆቦት የምትባል እጮኛ አለችው። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት፤ አንድ ክፍል ሙሉ ሕፃን በቅንድቧ ዝም ታሰኛለች። ይህችው ጋሽ ታሪኩ ፊት ረድፍ የሚቀመጥባት ቤተ ክርስቲያናቸው ደግሞ ሕግ አላት፤ የሚጋቡ ሰዎች ቅዳሜ ከሰዓት የጋብቻ ትምህርት ይማራሉ፣ ከዚያ አንድ እሁድ ጎን ለጎን በጉባኤው ፊት ቆመው ይታወጅላቸዋል። ሳይታወጅ ሠርግ የለም። ባርናባስ ከትምህርቱ ግማሹን ቀረ። ሮሆቦት «ባል ሚስቱን ይሰማል» የሚለውን ትምህርት ባዶ ወንበር አጠገብ ተቀምጣ ተማረች። መቅረቱ በዚህ አላበቃም፤ የሚታወጅበት እሁድ ሲደርስም ጋሽ ታሪኩ «ዛሬን ብቻ» ብሎት ቀረ። ስማቸው ሲጠራ ሮሆቦት ብቻዋን ተነሣች። ጉባኤው ዘወር ዘወር ብሎ ወንዱን ፈለገ። ከኋላ አንዲት ሴትዮ «ወይኔ ልጄን፣ ብቻዋን ልትጋባ ነው እንዴ?» አለች፤ ሳቁ እስከ መዘምራኑ ደረሰ።

ጋብቻ አስተማሪው ሽማግሌ፣ አቶ ደግነት፣ ማስታወቂያውን ለአንድ ሳምንት ብቻ አራዘሙት። ሮሆቦት ግን ያን ቀን ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ፋርማሲው መጣች።

«ምን ልታዘዝ?» አላት ባርናባስ፣ ሊያስቃት ብሎ።

«ለውርደት የሚሆን ቅባት አለህ?»

«ሮሂዬ፣ ጋሼ እኮ—»

«ጋሼን ነው የማገባው? ስማ ባርናባስ፤ የሚመጣው እሁድ አጠገቤ ካልቆምክ ቀለበትህን እዚሁ ባንኮኒ ላይ አስቀምጬልህ እሄዳለሁ። በማዘዣም አትመልሰኝም።»

«እመጣለሁ ብያለሁ!»

«ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ» ብላ ወጣች።

ባርናባስ ሳምንቱን ሙሉ ንግግር ሲያጠና ሰነበተ። ዓርብ ዕለት ጋሽ ታሪኩ ፊት ሲቆም ካጠናው የቀረው «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ እሁድ» የምትለዋ ብቻ ነበረች።

«እሁድ? በቡና ወቅት?» ጋሽ ታሪኩ ፀሐይ አትውጣ የተባለ ያህል ደነገጠ። «ገበሬው ብር የሚይዘው አሁን ነው። ብር ሲይዝ ነው መታመሙ ትዝ የሚለው። ቡናው ይለቅና እንኳን እሁድን፣ ከነሚስትህ ሐዋሳ እልክሃለሁ።»

«ሚስት የማገኘው እሁድ ከቆምኩ ነው፣ ጋሼ።»

ይህን ያለው ማን እንደሆነ ባርናባስ ራሱ ግራ ተጋብቶ ዞር ብሎ አየ። ጋሽ ታሪኩም አሰበ። ሲያስብ ከንፈሩን ይመጥጣል፤ በዚህ መምጠጥ ብዙ ገበሬ ቡናውን በርካሽ ሸጧል። ከዚያ ፊቱ በራ።

«በቃ ሂድ! መሰረት ጋውንህን ትለብስና ትሸጣለች።»

መሰረት ገንዘብ ተቀባይ ናት፤ የጋሽ ታሪኩ ሚስት የእህት ልጅ። መልካም ልጅ ናት፤ መድኃኒት የምትለየው ግን በካርቶኑ ቀለም ነው።

«ባለሙያ በሌለበት መሸጥ እኮ ክልክል ነው…»

«ባለሙያውማ አለ!» ጋሽ ታሪኩ ወደ ግድግዳው ጠቆመ። «ይኸው በፍሬም። ሰዉ ጋውን ነው የሚያየው፣ ተቆጣጣሪው ግድግዳውን ነው የሚያየው። አንተ ዕረፍ፤ ፈቃድህ ይሠራል።»

የሰውን ጉልበት የሚበሉ ብዙ አይተናል። ሰውየውን አሳርፎ ስሙን የሚያሠራ ግን አዲስ ግኝት ነበር። የእኛ ጀግናስ ምን አለ? አመሰገነ! ጎንበስ ብሎ እጅ ነሥቶ፣ «ጋሼ፣ ውለታዎን አልረሳም» ብሎ፣ ሱፉን ሊያስተኩስ ሮጠ።

ቅዳሜ በምሳ ሰዓት ግን አጥንቱ ውስጥ የቀረችው ጥቂት ሙያ ተቆጣች። ከምሳ ሲመለስ አንዲት እናት ሳል የያዘው ሕፃን አዝላ ከፋርማሲው ስትወጣ በር ላይ ተላለፉ። የያዘችውን ካርቶን በጨረፍታ አየ። ሽሮፕ አይደለም፤ የትልቅ ሰው የደም ግፊት ክኒን ነው።

«ለሴትዮዋ ምን ሰጠሻት?»

«የሳሉን ነዋ! ሰማያዊውን» አለች መሰረት፣ ኮራ ብላ። «ለነገ ልለማመድ ብዬ።»

ባርናባስ ጋውኑን እያውለበለበ አስፋልቱን ተሻገረ፤ ባጃጅ ሰደበው፣ ሸንኮራ ሻጭ ላይ ተደናቀፈ፣ እናትየዋን ታክሲ ልትሳፈር ስትል ደረሰባት። ክኒኑን ከእጇ ሲነጥቃት ሌባ መስሏት ጮኸች። አስረድቶ፣ ተማጽኖ፣ ወደ ፋርማሲው መልሶ ትክክለኛውን ሰጣት። ነገ እሱ ሱፍ ለብሶ «አሜን» ሲል፣ እዚህ ሰማያዊና ቀይ ካርቶን በስሙ ሊታደል ነው። አንድ ሕፃን ቢሞት ገዳዩ ማን ይባላል? ፍሬም ውስጥ ያለው ባርናባስ ነዋ።

ስልክ ደወለ። «ጋሼ፣ ነገ ቢዘጋስ?»

«በቡና ወቅት ፋርማሲ ይዘጋል? ምን በልተህ ነው የዋልከው?» ስልኩ ተዘጋ።

እሁድ ጠዋት ባርናባስ በሱፉ፣ በክራቫቱ፣ ፋርማሲው መጣ። መሰረት ጋውኑን ለብሳ እጅጌውን ትጠቀልላለች። ወንበር ላይ ወጣና ፍሬሙን ከምስማሩ አወረደው።

«እንዴ! ምን እያደረግክ ነው?»

«ይዤው እየሄድኩ ነው። እሱ ከሌለ መሸጥ አትችይም።»

«ተቆጣጣሪ ቢመጣ ግድግዳው ላይ ምን አሳያለሁ?»

«ምስማሩን።»

መሰረት ምስማሩን አየች። ከዚያ ጋውኑን ወርውራ «እንግዲህ እኔም ፀጉሬን ልሠራ!» ብላ በሩን ለመቆለፍ ከእሱ ቀደመች። ለካስ እሷም እሁድ ኖሯታል።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የቆመው አስተናጋጅ ሱፍ የለበሰ ወጣት ፍሬም አቅፎ ሲያይ ልቡ በደስታ ዘለለ። በዚህ አገር ዲግሪ ያገኘ፣ ሥራ ያገኘ፣ ፈቃድ ያገኘ ሁሉ ወረቀቱን ይዞ ለምስጋና ፊት ይወጣል። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

«ለምስጋና ነው፣ ወንድሜ? ና፣ ና!»

«አይ፣ እኔ እንኳን—» ባርናባስ «አይ» የሚለውን ቃል እስከ መጨረሻው ብሎት አያውቅም። አስተናጋጁ ክንዱን ይዞ በመካከለኛው መተላለፊያ ነዳው፤ ሮሆቦትን አለፈ፣ አቶ ደግነትን አለፈ፣ መድረክ ላይ አወጣው። መሪው ፍሬሙን ተቀብሎ ከፍ ሲያደርገው ጉባኤው «አሜን» አለ። ከፊት ረድፍ ጋሽ ታሪኩ የጨፈነውን ዓይኑን ገለጠ። ከግድግዳው ላይ የሚያውቀውን ወርቃማ ፍሬም አየ፤ እጁ ከአየር ላይ ቀስ ብሎ ወረደ።

«ወንድማችን፣ ጌታ ምን አደረገልህ?» ማይክራፎኑ ባርናባስ አፍ ላይ ተደቀነ።

እዚህ ላይ ባርናባስ ብልሃት አሰበ ብላችሁ እንዳታሞግሱት። የጋሽ ታሪኩን ዓይን ሲያይ ፈራ፤ ሲፈራ የሚያውቀው ሥራ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ማሞገስ። አፉ በልማዱ ተከፈተ።

«ጋሽ ታሪኩን… ጌታ ይባርካቸው። ሠራተኞቻቸው እንዲያመልኩ ብለው… ፋርማሲውን እሁድ ዘግተውልናል።»

እልልታው ጣሪያውን አነቃነቀ። ከበሮ ተመታ። እናቶች ቆመው አጨበጨቡ፤ መሪው «ጋሽ ታሪኩ ይነሡልን! በቡና ወቅት! ይህ ነው እምነት!» አለ። ጋሽ ታሪኩ ጥርሱን እንደታመመ ሰው ሆኖ ተነሣ፣ ግራና ቀኝ እጁን አውለበለበ፣ ተቀመጠ። ሕይወቱን ሙሉ በጭብጨባ ሲነግድ የኖረ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ በጭብጨባ ከሰረ።

ባርናባስ ከመድረክ ሳይወርድ አቶ ደግነት የእሱንና የሮሆቦትን ስም ጠሩ። ሮሆቦት መጥታ አጠገቡ ቆመች። ታወጀ። ተቃውሞ ያለው ካለ ተባለ፤ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እሱም ላቡን ይጠርግ ነበር።

ሲወጡ ግቢው ውስጥ ጋሽ ታሪኩ በሚመርቁት ሰዎች ተከቧል። አቶ ደግነት እጁን ጨብጠው ሌሎች ነጋዴዎችም ከእሱ እንዲማሩ በየእሁዱ አርአያነቱ ይነገር ይላሉ። እንደምንም አምልጦ ባርናባስ ጋ ደረሰና በፈገግታው ውስጥ በጥርሱ ተናገረ።

«እሁዱን በላኸኝ። ቅዳሜን ግን ሙሉ ቀን ነው፣ ሰማህ?»

«እሺ ጋ—» ሮሆቦት ክንዱን ስትቆነጥጠው ባርናባስ ቃሉን ለወጠ። «እስከ ሰባት ሰዓት፣ ጋሼ። ከሰዓት ትምህርት አለን። ያለፈኝንም መማር አለብኝ።»

አንዲት አሮጊት በዚያው ቅጽበት የጋሽ ታሪኩን እጅ ይዘው ስለሳሙት፣ ማለት የሚችለው «ይሁን» ብቻ ነበር። ከዚያ ወደ ፍሬሙ እጁን ዘረጋ።

«እሱን ስጠኝና ልስቀለው።»

ባርናባስ ፍሬሙን ብብቱ ውስጥ ወተፈ።

«ሰኞ ስመጣ አብሮኝ ይመጣል፣ ጋሼ።»