የአንዲት ደሴት ፋብሪካዎች፣ በሰናፍጭ

የታሰርኩት በፊሽካ ነው። ሴዳር ሪቨርሳይድ የሚባለው የስደተኞች ሰፈር፣ ፎቆቹ ሥር፣ ፊታቸውን የሸፈኑ የኢሚግሬሽን ፖሊሶች አንዲት ሴት ከመኪናዋ ጎትተው ሲያወርዱ አየሁና መኪናዬን አቁሜ ወርጄ፣ ሰው ለማስጠንቀቅ የምይዛትን ፊሽካ ነፋሁ። ሰፈሩ ሁሉ በመስኮት ብቅ እንዲል አድርጌ ነፋሁ። ነፍቼ ሳልጠግብ አስፋልት ላይ ነበርኩ፤ በረዶው ጉንጬ ላይ፣ የአንዱ ጉልበት ጀርባዬ ላይ። «ዜጋ ነኝ» አልኳቸው። «ዜጋ ከሆንክ ለምን ቤትህ አትቀመጥም?» አለኝ አንዱ። ይህን መልስ አገር ቤትም ሰምቼዋለሁ፤ የተለየው ቋንቋው ብቻ ነው።

ማቆያ ክፍሉን ሳየው መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «ኧረ ይሄማ ንጹሕ ነው» የሚል ነበር። አትፍረዱብኝ። ወጣት የኢኮኖሚክስ መምህር ሳለሁ አገሬ ላይ በፖለቲካ ታስሬያለሁ፤ ያኔ የነበርኩበት ክፍል ለመገላበጥ እንኳ ከጎረቤት ጋር መመካከር ይጠይቅ ነበር። ይሄኛው ነጭ የተቀባ ብሎኬት፣ ግድግዳው ላይ የተበየደ የብረት አግዳሚ፣ ጥግ ላይ መከለያ የሌለው መጸዳጃ ነው። መስኮት የለም። ከጣሪያው ቀዝቃዛ አየር ሳያቋርጥ ይነፋል። ጃኬቴን፣ ቀበቶዬንና የጫማዬን ክር ስለወሰዱብኝ፣ ስቀመጥ የብረቱ ብርድ ሱሪዬን አልፎ ገባ።

ሁለት ሰዎች ቀድመውኛል። አንደኛው ገና ሲያየኝ ፈገግ አለ።

«ሐበሻ ነዎት አይደል ጋሼ? ምን አድርገው መጡ?»

«ፊሽካ ነፍቼ።»

«ወይ ጉድ! በዚህ ዕድሜዎ?» ብሎ ሳቀና ጠጋ አለልኝ። «እዚህ ጋ ይሁኑ፣ አየሩ ቀጥታ አይመታዎትም።»

ወሎዬ ነው፤ ሮዝቪል ትንሽ ሱቅ አለው። ዕቃ ሲያወርድ ነው የያዙት። ግሪን ካርዱ ኮቱ ኪስ ውስጥ ነበር፣ ኮቱን ደግሞ ማንም ኪሱን ሳያይ ወስደውበታል። «ወላሂ ጋሼ፣ አሁን ካርዴ ከእኔ ይልቅ ይሞቀዋል» አለኝ።

ሁለተኛው አግዳሚው ጫፍ ላይ አቀርቅሮ ተቀምጧል፤ ጉልበቱ ላይ ወረቀት አለ። ከአንዲት ትንሽ ደሴት አገር የመጣ ሰው ነው። የአገሩን ስም አልጠራም፤ ካርታ ላይ የእስክሪብቶ ነጥብ ነው የምታክለው። ሴንት ሉዊስ ፓርክ የሚባል ሰፈር ውስጥ ቢሮ ያጸዳል። ሚስቱም እዚህ ናት፣ እዚሁ የተወለደች ትምህርት ቤት የገባች ልጅም አለችው። ወረቀቱ «በፈቃዴ አገሬ እመለሳለሁ» የሚለው ነው። ከፈረመ በዚያው ሰሞን ያሳፍሩታል፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት መመለስ የለም። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከወሎዬው ነው፤ ሰውየው አይናገርም ነበር።

አገር ቤት በታሰርኩበት ክፍል አንድ ልማድ ነበረን። አዲስ የገባ ሰው መጀመሪያ ይበላል፣ ከዚያ «ምን ታውቃለህ?» ይባላል፤ የሚያውቀውንም ለክፍሉ ያስተምራል። ሾፌሩ ስለ ማርሽ፣ ነርሱ ስለ ኩላሊት አስተምሮናል። የእኔ ተራ ሲደርስ በእጄ የነበረው የማስተርስ ጥናቴ ብቻ ነበር፤ የትንንሽ ደሴት አገሮች የፋብሪካ ምርት እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወርድ። ባሕር የሌለው አገር ሰው፣ እስር ቤት ውስጥ፣ ስለ ደሴት! ሆዳቸውን ይዘው ሳቁብኝ፣ ግን አዳመጡኝ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ አለቀቀኝም። ዛሬም ኤርፖርት ተሳፋሪ ስጠብቅ ሌላው ሾፌር በስልኩ ኳስ ሲያይ እኔ የደሴቶችን የምርት ሪፖርት አነባለሁ። ባለቤቴ «ይሄ ሰውዬ ደሴት ሊገዛ ነው መሰለኝ» ትላለች።

ምሳ በላስቲክ መጣ፤ ቀዝቃዛ ሳንድዊች፣ ብርቱካን፣ አንዳንድ የሰናፍጭ እሽግ። ወሎዬው የሳንድዊቹ ሥጋ ምን እንደሆነ ስላልታወቀ አልነካውም። ብርቱካኖቹን ሰብስቤ ላጥኩና ሦስታችንም መሐል አስቀመጥኩ። እስር ቤት ውስጥ ለብቻ መብላት ነውር ነው፣ የየትም አገር እስር ቤት ይሁን። ደሴተኛው ሲያየኝ ቆየና አንድ ቁራጭ አነሳ።

«አንተስ ምን ታውቃለህ?» አልኩት በእንግሊዝኛ።

ግራ ገባው። አሰበና «ኮሌታ» አለ። «የሸሚዝ ኮሌታ እሰፋ ነበር። ትልቅ ፋብሪካ ነበረን፤ ተዘጋ።» ከዚያ ፊቱ ትንሽ በራ። «አሁን ግን እየተመለሰ ነው። ኦፊሰሩ ጠዋት በስልኩ አሳይቶኛል። የአገሬ የፋብሪካ ምርት ዕድገት ከጎረቤቶቿ ሁሉ ይበልጣል። ሥራ አገኛለሁ፣ ከዚያው ሆኜ ለልጄ እልካለሁ። ሲመለስ እፈርምለታለሁ።»

ደሜ ፈላ። ሪፖርቱን አንብቤዋለሁ፤ ኦፊሰሩ ያሳየው ቁጥር እውነተኛ ነው። ያናደደኝም ይኸው ነው። ውሸት ቢሆን ውሸት ነው ብሎ መገላገል ይቻል ነበር።

«ዕድገቱ ከየት ተነስቶ እንደሆነ ነግሮሃል?»

«እንዴት ከየት?»

የሰናፍጩን እሽግ በጥርሴ ቀደድኩና ተነሳሁ።

«ኧረ ጋሼ! ሌላ ክስ ይጨምሩብዎታል!» አለ ወሎዬው።

«ይጨምሩ!»

ነጩ ግድግዳ ላይ በጣቴ ማስመር ጀመርኩ። መስመሩን ከታች አስነሳሁት። «ይሄ ስኳር ብቻ የምታመርቱበት ዘመን ነው። እዚህ ጋ ትልልቆቹ አገሮች ሸሚዛችሁን ያለ ቀረጥ ለመግዛት ተስማሙ፣ የውጭ ፋብሪካዎች ጎረፉ።» መስመሩ ሽቅብ ወጣ። ሰናፍጩ አለቀ፤ ወሎዬው ሳልጠይቀው የራሱን ቀዶ አቀበለኝ። «እዚህ ጋ ስምምነቱ ቀረ። ፋብሪካዎቹ ደመወዝ ርካሽ ወደሆነበት፣ ጨርቅ ቅርብ ወደሆነበት ሄዱ። ደሴት ላይ ክሩም፣ ጨርቁም፣ ቁልፉም በመርከብ ነው የሚመጣው፤ ችሮታ ሲቀር ዋጋው አያዋጣም።» መስመሩ ቁልቁል ወረደ። «እዚህ ጋ ወረርሽኙ መጣ።» ወለሉ አጠገብ አደረስኩት። ከዚያ ጫፉ ላይ ጥፍር የምታህል ቅንጥብ ወደ ላይ አደረግሁ። «ኦፊሰሩ ያሳየህ ይህቺን ነው። ከዚህ፣ ከታች ተነስተህ ስትለካት በእርግጥ ትልቅ ዕድገት ናት።»

«ቆይ ቆይ፣ ገባኝ» አለ ወሎዬው። «ሱቄ ያኔ ተዘግቶ ነበር። የከፈትኩ ዕለት አንድ ሰው ሳምቡሳ ገዛኝ፣ በማግስቱ ሁለት ሰው ገዛኝ። በዚህ አያያዝ ቢዝነሴ በአንድ ቀን እጥፍ ግሮው አደረገ ማለት ነው?»

«በትክክል።»

«ሱብሃነላህ! ለካ ሀብታም ነበርኩ!» ብሎ በእንግሊዝኛ ደገመለት።

ደሴተኛው አልሳቀም። ተነስቶ ግድግዳው ድረስ መጣና መስመሩ ከፍ ያለበት ቦታ ላይ ጣቱን አኖረ፣ ሳይነካው። «እዚህ ጋ ነው የተቀጠርኩት» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፣ ተቆጥቷል። «አገርህ ሞታለች ነው የምትለኝ? እሱ ወደ ላይ ይሥልልኛል፣ አንተ ወደ ታች ትሥልልኛለህ። ሁለታችሁም ረግጣችኋት አታውቁም።»

እውነቱን ነው፣ ረግጫት አላውቅም። ሰው ስለ አገሩ እንዲህ ሲቆጣ ደግሞ ደስ ይለኛል፤ እኔም ቱግ የምለው በዚሁ ነው።

«አልሞተችም» አልኩት። «ሆቴሉ አለ፣ ወደቡ አለ፣ ሰው ይኖራል፣ ይዳራል። እኔ የማወራው ስለ ፋብሪካው ብቻ ነው። አንተም ልጅህን ጥለህ የምትሄደው ለፋብሪካው ነው።»

ጎንበስ ብሎ ቅንጥቧን አያት።

«ከዚህ በኋላ ወዴት ትሄዳለች?»

«አላውቅም።»

«ኦፊሰሩስ?»

«እሱም አያውቅም። ማንም አያውቅም።»

አግዳሚው ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ መልሶ ዘረጋው። ወሎዬው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ይተዉት፣ ቢፈርም እኮ ቢያንስ ከዚህ ብርድ ይወጣል» አለኝ።

በሩ ሲከፈት ኦፊሰሩ ነው። ወጣት ነው፣ ክፉ ፊት የለውም፤ እንደ አስተናጋጅ ቀለል ብሎ ነው የገባው። «እሺ፣ ጨረስን?» ካለ በኋላ ግድግዳውን አየ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የአገሩ የፋብሪካ ምርት ነው» አልኩት። «አንተ ጠዋት ጫፏን አሳይተኸዋል። ይሄ ቀሪው ነው።»

«ጥረገው።»

«መጀመሪያ እሱ መልሱን ይስጥህ፣ ከዚያ እጠርገዋለሁ።»

«አሁን ነው ያልኩህ።»

አልተነሳሁም። ወሎዬው እግሩን አጣምሮ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ በአማርኛ «እንዳይነሱ ጋሼ፣ እንዳይነሱ!» አለ።

«ምን አለ?» አለኝ ኦፊሰሩ።

«ኮቴን መልሱልኝ አለ።»

ያን ጊዜ ደሴተኛው ተነሳ። ወረቀቱን አላጨማደደውም፤ ለትልቅ ሰው እንደሚሰጥ በሁለት እጁ ይዞ ዘረጋለት።

«አልፈርምም። ዳኛ ፊት መቅረብ እፈልጋለሁ።»

«ወራት ትቀመጣለህ፣ ገብቶሃል?»

«እቀመጣለሁ» አለ። «ልጄ እዚህ ናት። ማንም በማያውቀው ነገር ጥያት አልሄድም።»

ኦፊሰሩ ሦስታችንንም በየተራ አየንና ወረቀቱን ተቀብሎ ወጣ። እኔም ቃሌ ቃል ነው፣ የመጸዳጃ ወረቀት በውኃ ነክሬ ግድግዳውን ጠረግሁ። ደሴተኛው አገዘኝ። ቢጫው ግን ከነጩ ቀለም ላይ ሙሉ በሙሉ አለቀቀም።

እኔና ወሎዬው በዚያው ቀን ተለቀቅን። ኮቱን በር ላይ ሲሰጡት ኪሱን ዳሰሰና «እነሆ ግሪን ካርዴ! እስካሁን ምን ስትሠራ ነበር?» አለው ካርዱን። ደሴተኛውን ግን ወደ ሌላ ስቴት ወሰዱት። በረዶው ቀለጠ፣ ሣሩ አደገ፣ ታጨደ፣ በረዶ እንደገና ጣለ፤ እሱ እዚያው ነው። ሥራውን አጣ። ሚስቱን ሴንት ፖል ከምትሠራበት ቦታ ወደ ቤቷ ሳደርሳት፣ አንድ ቀን ከኋላ ወንበር «ፈርሞ ቢሆን ኖሮ ይሄን ጊዜ አልጋ ላይ ይተኛ ነበር» አለችኝ። ተቆጥታ አይደለም፣ እንደ ተራ ወሬ ነው የተናገረችው። ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን መሪ ጨብጬ ይችን ቃል ሳኝካት ዋልኩ። ሰውየውን እስር ቤት ያሰነበትኩት እኔ እሆን? ብዬ ጠይቄያለሁ። ሆኖም ተመልሼ ያ ክፍል ብገባ ያን መስመር እንደገና አሰምረው ነበር፤ ይህንንም ለማንም አልደብቅም።

በመጨረሻ ዳኛ ሰማው። እዚህ በቋሚነት መኖር እንዲችል ወረቀት ሰጡትና ወጣ። ሰዎች አንዳንዴ «እስር ምን አስተማረህ?» ይሉኛል፣ መከራ ሁሉ ትምህርት ቤት ይመስላቸዋል። እስር ምንም አላስተማረኝም። ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

በቅርቡ ደወለልኝ፤ ኤርፖርት እንዳደርሰው ነው። «የት ልትሄድ?» ብለው «አገሬ» አለኝ። መኪናዬን ዳር ይዤ አቆምኩ። «አብደሃል? ያ ሁሉ ጊዜ የታሰርክበትን ልትሰጣቸው ነው? ልጅህስ?» ብዬ ጮኽኩበት። ጮኼ እስክጨርስ ጠበቀኝና ሳቀ።

«እናቴን ልጠይቅ ነው። ደርሶ መልስ ነው የቆረጥኩት። የምሄድበትንም የምመለስበትንም ቀን የመረጥኩት እኔ ነኝ።»

የጉዞው ቀን መውረጃው ላይ ሻንጣውን አወረድኩለት። ተቃቀፍን። አዲስ የተተኮሰ ሸሚዝ ነበር የለበሰው፣ ኮሌታውን ሁለት ጊዜ አስተካከለ። ከኋላዬ መኪና ተሰልፏል፣ ትራፊኩ ጓንት ባጠለቀ እጁ «ንዳ! ንዳ!» ይለኛል። ሰምቼዋለሁ። ሰውየው በመስተዋቱ በር ገብቶ፣ በሰው መሐል አልፎ፣ ከዓይኔ እስኪጠፋ ድረስ ከቆምኩበት አልተነቃነቅሁም።